የሴቶች ምድብ፣ ትራንስጀንደር አትሌቶች እና የጉንጭ ናሙናው፦ ጅማ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማለዳ ወደ ጅሬን ዳገት የሚሮጡ ሴቶች፣ ወላጆቻቸውና አሰልጣኞቻቸው ድሮ የሚጠይቁት ስለ ጫማ፣ ስለ ዕድሜ ማስረጃና ስለ ማናጀር ነበር። አሁን ሌላ ተጨምሯል፦ ‹‹ጾታውን የቀየረ ሰው ከልጄ ጋር ሊሮጥ ነው ወይ?››፣ ‹‹ሴት መሆኗን ይመረምራሉ ይባላል፣ እውነት ነው?›› ብዙው የሚመጣው ስልክ ላይ ከታየ አጭር ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ደግሞ አንዱን ጉዳይ ከሌላው ጋር አደባልቆ ስለሚያቀርብ የሰማው ሰው የባሰ ይደናገራል። እዚህ የምንመልሰው በተለይ ለሩጫው ሰው ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ስለ ምንድን ነው?

ሲወለድ ወንድ ተብሎ የተመዘገበ፣ በኋላ ግን ራሱን ሴት አድርጎ የሚያውቅና እንደ ሴት የሚኖር ሰው ትራንስጀንደር ሴት ይባላል። ክርክሩ እንዲህ ያለ ሰው በሴቶች ምድብ ይወዳደር ወይስ አይወዳደር ነው። አይወዳደር የሚሉት፣ በወንድ ጉርምስና ያለፈ አካል ያገኘው ብልጫ በኋላ በሆርሞን ሕክምና ሙሉ በሙሉ አይመለስም ይላሉ። ይወዳደር የሚሉት ደግሞ ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት የሆኑ ሰዎችን ከስፖርት ማስወጣት ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ማስረጃውም በየስፖርቱ ገና አልተሟላም ይላሉ። እኛ በከፍተኛ ደረጃ ውድድር የሴቶች ምድብ በአካል ላይ በተመሠረተ መስፈርት መጠበቅ አለበት ብለን እናምናለን። መስፈርቱ የሚተገበርበት መንገድ የልጅቷን ገመና አደባባይ የሚያወጣ ከሆነ ግን የጠበቅነው ነገር ተመልሶ ሴቶችን ይጎዳል። ይህ ገጽ ስለ ናሙና፣ ስለ ወረቀትና ስለ ምስጢር ብዙ የሚያወራው ለዚህ ነው።

ካስተር ሴሜንያ ትራንስጀንደር ናት?

አይደለችም። በብዛት የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሴሜንያ በሴትነት ተወልዳ፣ በሴትነት ያደገች ናት። ጾታዋን አልቀየረችም። ጉዳይዋ የጾታ እድገት ልዩነት፣ በአጭሩ ዲኤስዲ የሚባለው ነው። አንዲት ልጅ ስትወለድ የውጭ አካሏ የሴት ሆኖ፣ ውስጧ ግን የወንድ ክሮሞዞም እና ቴስቶስቴሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ሊኖራት ይችላል። እናቷም አዋላጇም አያውቁም። ብዙ ጊዜ ልጅቷ ራሷ የምታውቀው ጉርምስና ላይ የወር አበባ ሲቀርባት፣ ወይም ለውድድር ስትመረመር ነው።

ሴሜንያ በ2009 በርሊን ላይ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ የ2012 እና የ2016 የኦሊምፒክ ወርቅም የእሷ ነው። በ2019 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በቴስቶስቴሮን መጠን ላይ የተጣለውን ገደብ በመቃወም ያቀረበችውን ክስ ውድቅ አደረገ። በሐምሌ 2025 ደግሞ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ትልቁ ችሎት፣ ይግባኝ ያለችበት የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ጉዳይዋን በበቂ ጥልቀት ስላላየው ፍትሐዊ የመሰማት መብቷ ተጥሷል ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ የአትሌቲክሱን ሕግ አልሻረም።

በ2016 ሪዮ ላይ በ800 ሜትር ከሴሜንያ ጀርባ የገቡት የብሩንዲዋ ፍራንሲን ኒዮንሳባ እና የኬንያዋ ማርጋሬት ዋምቡይም ጉዳያቸው ተመሳሳይ ነው። ኒዮንሳባን የእኛ ረጅም ርቀት ተከታታዮች በደንብ ያስታውሷታል። የያኔው ሕግ ከ400 ሜትር እስከ አንድ ማይል ብቻ ስለሚከለክል ወደ ረጅም ርቀት ወጣች፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ለተሰንበት ግደይ ነሐስ በወሰደችበት ውድድር አምስተኛ ገባች። ከ2023 ወዲህ ገደቡ ሁሉንም ርቀት ስለሚሸፍን ያ መንገድም ተዘግቷል።

በፓሪስ 2024 ብዙ የተወራላት አልጄሪያዊት ቦክሰኛ ኢማን ኸሊፍም ትራንስጀንደር አይደለችም። ሴት ሆና ተወልዳ፣ ሴት ሆና ያደገች ናት።

ወንድና ሴት ለየብቻ መሮጣቸው ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

በእኛው ሰዎች ሰዓት እንየው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ጨረሰ። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ሄንግሎ ላይ 29:01.03 ሮጠች፤ ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ትንሽ ያልፋል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሁለቱ በአንድ ትራክ ላይ አብረው ተነስተው ቢሆን ግን፣ ቀነኒሳ መስመሩን ሲያልፍ ለተሰንበት ገና ከ900 ሜትር በላይ ይቀራታል። ከሁለት ዙር በላይ ማለት ነው። በዘመኗ በዓለም ላይ ከሷ የሚፈጥን ሴት ያልነበረች አትሌት!

በማራቶንም ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41፣ ትዕግስት አሰፋ በ2023 እዚያው በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጠዋል። ወደ 8 በመቶ ነው። በዝላይና ኃይል በሚጠይቁ ስፖርቶች ክፍተቱ ከዚህም ይሰፋል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው በዋናነት በጉርምስና ወቅት የሚለቀቀው ቴስቶስቴሮን ነው። የዓለም አትሌቲክስ አስተዳዳሪው አካል በ2018 ባስቀመጠው መለኪያ የአብዛኞቹ ሴቶች፣ ታዋቂ አትሌቶችን ጨምሮ፣ መጠን በሊትር ደም ከ0.12 እስከ 1.79 ናኖሞል ነው፤ የወንዶች ከ7.7 እስከ 29.4። በሁለቱ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ይህ ሆርሞን ጡንቻን ያበዛል፣ አጥንትን ያረዝማል፣ ያወፍራልም፣ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ከጉርምስና በፊት ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል ቢሽቀዳደሙ ሴቷ ብታሸንፍ ማንም አይገረምም።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ወርቅ ያመጡት ይህ ምድብ ስለነበረ ነው። ምድቡ ባይኖር ኖሮ ስማቸውን ማን ያውቅ ነበር?

ሆርሞኑን በመድኃኒት ከቀነሱት ልዩነቱ አይጠፋም?

የተወሰነው ይጠፋል፣ የተወሰነው አይጠፋም። ሄሞግሎቢን በአራት ወር ገደማ ውስጥ ወደ ሴቶች መጠን ይወርዳል። ጡንቻ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፤ ከ12 ወር ሕክምና በኋላ የሚታየው ቅናሽ ወደ 5 በመቶ ነው። የአጥንት ርዝመት፣ የትከሻ ስፋት፣ የእግር መጠን ፈጽሞ አይመለሱም።

በአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረቦች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ድብልቅ በግልጽ ያሳያል። ትራንስጀንደር ሴቶቹ ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ በፑሽ አፕና በሲት አፕ ከሌሎቹ ሴቶች ብልጫ አልነበራቸውም። በአንድ ማይል ተኩል ሩጫ ግን አሁንም በ12 በመቶ ይፈጥኑ ነበር። በሌላ በኩል በ2024 የወጣ፣ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የደገፈው ጥናት ትራንስጀንደር ሴት አትሌቶች በእጅ ጥንካሬ የሚበልጡ፣ ለክብደታቸው በተሰላ ዝላይና የኦክስጅን አጠቃቀም ግን ከሌሎቹ ሴቶች ያነሱ ሆነው እንዳገኛቸው ጽፏል። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፣ የኦሊምፒክ ደረጃ ሯጭ ደግሞ ከመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ‹‹ሳይንሱ አልቋል›› የሚል ሰው ከየትኛውም ወገን ቢሆን አትመኑት። ለሩጫ የሚበጀው ፍርድ ግን በእጅ ባለው ማስረጃ መሠረት ጥንቃቄውን ለሴቶቹ ምድብ ማድረግ ነው እንላለን።

ሕጉ አሁን ምን ይላል?

ሕጉ ስንት ጊዜ ተገለባብጧል! የኦሊምፒክ ኮሚቴው በ2003 ቀዶ ጥገናና የሁለት ዓመት የሆርሞን ሕክምና ጠየቀ። በ2015 ቀዶ ጥገናውን ተወ፣ ለ12 ወራት ቴስቶስቴሮን ከ10 ናኖሞል በታች መሆኑ በቂ ነው አለ። በ2021 ደግሞ ውሳኔውን ለየስፖርቱ ፌዴሬሽን ተወው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የኒውዚላንዷ ክብደት አንሺ ሎሬል ሀባርድ በግል ውድድር የተሳተፈች የመጀመሪያዋ በይፋ የታወቀች ትራንስጀንደር ሴት ሆነች። ሦስቱንም ሙከራዎቿን ሳታነሳ ወጣች።

የዓለም አትሌቲክስ ከመጋቢት 31 ቀን 2023 ጀምሮ በወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶችን ከሴቶች ምድብ አገደ። ለዲኤስዲ አትሌቶች ያኔ የቀረበው ለ24 ወራት ከ2.5 ናኖሞል በታች የሚል ገደብ ነበር። ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በሴቶች ምድብ ለዓለም ደረጃ ነጥብ የምትወዳደር አትሌት በሕይወቷ አንድ ጊዜ ኤስአርዋይ የሚባለውን ዘረመል እንድትመረመር ግዴታ ሆነ። በቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ተጀመረ።

ኤስአርዋይ ምንድን ነው?

ዋይ በሚባለው የወንድ ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ዘረመል ነው። ጽንሱ ስድስትና ሰባት ሳምንት ሲሆነው የወንድ ዕጢ እንዲሠራ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ነው። ምርመራው አለ ወይም የለም ብቻ ይላል። የሆርሞን መጠን አይለካም። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስድም፣ በእንቁላል ማመንጫ ዕጢዋ ላይ በሚወጡ ብዙ ከረጢቶች ምክንያት ቴስቶስቴሮኗ ከፍ ያለባትም ሴት በዚህ ምርመራ አትያዝም። ሕጉም አይመለከታትም።

ልጄ ለትምህርት ቤቷ ትሮጣለች። ትመረመራለች?

አትመረመርም። የትምህርት ቤት፣ የወረዳና የዞን ውድድር በዚህ ሕግ ውስጥ የለም። ሕጉ የሚመለከተው ለዓለም ደረጃ ነጥብ የሚያዝበትን ውድድር ነው፤ በመጀመሪያም ለዓለም ሻምፒዮና ለሚመረጡ አትሌቶች ነው የደረሰው። ከዚህ ደረጃ በታች ማንም መምህር፣ አሰልጣኝ ወይም የውድድር አዘጋጅ የልጅቷን ጾታ ‹‹ላረጋግጥ›› የማለት ሥልጣን የለውም። ልብሷን እንድታወልቅ ማድረግማ ወንጀል ነው፤ ወላጅ በቀጥታ ለፖሊስ ያመልክት።

ይህን ያህል አጥብቀን የምንናገረው ታሪኩ ስላለ ነው። በ1966 ቡዳፔስት በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ሴት አትሌቶች ራቁታቸውን በሐኪሞች ፊት እንዲያልፉ ተደርገዋል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በጉንጭ ናሙና ተተካ። ያ ምርመራ ደግሞ የተሳሳቱ ውጤቶች አበዛና አትሌቲክሱ በ1992፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴው በ1999 ተዉት። አሁን የተመለሰው በተሻለ ቴክኒክ ነው። ነውሩ እንዳይመለስ የሚጠብቀው ግን ቴክኒኩ ሳይሆን ናሙና የሚወስደውና ወረቀቱን የሚይዘው ሰው ነው።

ናሙናው እንዴት ነው የሚወሰደው?

በጉንጭ ወይም በደም ነው። ለአትሌቷ የሚቀለው ጉንጩ ነው። አካሏን የሚያይ የለም፣ ልብስ አይወልቅም።

ከናሙናው በፊት ለ30 ደቂቃ ምንም አይበላም፣ አይጠጣም፣ ማስቲካ አይታኘክም። ቡና ለማይለያት ለጅማ ሰው ይህች ግማሽ ሰዓት ትከብዳለች፤ ግን የቡና አተላና የዳቦ ፍርፋሪ ናሙናውን ያበላሻል። አፏን በንጹህ ውኃ ትጉመጠመጣለች። ባለሙያዋ አዲስ ጓንት አጥልቃ ከታሸገ ከረጢት ረጅም ጥጥ ያለበትን ዘንግ ታወጣለች፣ የጉንጯን ውስጠኛ ክፍል ከላይ ወደ ታች እያሽከረከረች 30 ሰከንድ ያህል ትጠርጋለች፣ ከዚያም ሌላውን ጉንጭ። ምራቁን መጥረግ በቂ አይደለም፣ የሚፈለገው ከጉንጩ ቆዳ የሚላቀቀው ሕዋስ ነው። ስለዚህ ጥጡ ትንሽ ጫን ይላል እንጂ አያምም። ጥጡ እንዲደርቅ ከተደረገ በኋላ መያዣው ውስጥ ገብቶ በአትሌቷ ፊት ይታሸጋል። በእርጥቡ በፕላስቲክ ከተዘጋ ይሻግታል። በጅማ የክረምት እርጥበት ደግሞ ይህ ቶሎ ይደርሳል።

ደም ከሆነ ከክንድ ጥቂት ሚሊ ሊትር፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ባለበት ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ይወሰዳል። ቱቦው ወዲያው ቀስ ተደርጎ ብዙ ጊዜ መገለባበጥ አለበት። ካልተገለበጠ ይረጋና ምርመራው ይደገማል።

በጾም ላይ ላለች አትሌት፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ትሁን፣ በጉንጩ ጥጥ የሚዋጥ ነገር የለም። የቀረውን የሃይማኖት አባቷን ትጠይቅ፤ ጠዋቱ ላይ ባዶ አፍ መሆኑ ለናሙናውም ጥሩ ነው።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

አንደኛ ስም። ስማችን የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ በላቲን ፊደል በየወረቀቱ በየዓይነቱ ይጻፋል። ‹‹ፋጡማ›› በፓስፖርቱ በአንድ ዓይነት፣ በክለቡ መዝገብ በሌላ፣ በናሙናው መለያ ላይ በሦስተኛ ከተጻፈች ላብራቶሪው ውጤቱን ከሰውየዋ ጋር ማገናኘት አይችልም። መለያው ከመለጠፉ በፊት ፓስፖርቱን አጠገብ አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማነጻጸር ነው። ይህን ለባለሙያዋ ብቻ አትተዉ። አትሌቷ ራሷ ታንብበው።

ሁለተኛ ብክለት። የዘረመል ምርመራ እጅግ ስሱ ነው። ይህን ዘረመል በ1990 ያገኘው አውስትራሊያዊው ሳይንቲስት አንድሩ ሲንክሌር የአሁኑን ግዴታ ሲተች ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ፣ ወንድ ባለሙያ ከቆዳው አንዲት ሕዋስ ብትገባበት የሐሰት አዎንታዊ ውጤት ሊወጣ ይችላል የሚል ነው። ለዚህ ነው ጓንት፣ ከተቻለም ሴት ናሙና ወሳጅ የምንመክረው። ያለ ሁለተኛ ናሙና የወጣን ‹‹አለ›› የሚል ውጤት ማንም እንደ መጨረሻ እንዳይቀበል የምንለውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ጽንሱ ወንድ ከሆነ የልጁ ዘረመል በእናቲቱ ደም ውስጥ ይዘዋወራል። የአጥንት መቅኔ ከወንድ የተለገሳትም ሴት እንዲሁ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ለነፍሰ ጡሯ የደም ናሙና ጥሩ ምርጫ አይደለም።

ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። ዝም ብዬ ልፈርም?

አትፈርሚ። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ቃል በቃል ይነበብልሽ። ሦስት ነገር ፈልጊ፦ ናሙናው ለዚህ ዘረመል ብቻ እንደሚመረመር፣ ከምርመራው በኋላ የት እንደሚደርስ፣ ውጤቱን ማን ማን እንደሚያይ። ከ18 ዓመት በታች ከሆንሽ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። የክለብ አሰልጣኝ አሳዳጊ አይደለም። የተፈረመውን ቅጂ ወይም ፎቶውን ያዢ።

ወጪውን በተመለከተ የዓለም አትሌቲክስ ለቶኪዮው ሻምፒዮና ለአንድ ምርመራ እስከ 100 ዶላር እረዳለሁ ብሎ ነበር፤ ምርመራውን የሚያስተባብረው ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ነው። ‹‹ገንዘብ ስጡኝና ላስመርምራት›› የሚል ደላላ ከመጣ መንገዱ ያ አይደለም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ውጤቱም ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ለብሔራዊ ቡድን የምትታሰብ ልጅ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትሩጥ።

ውጤቱ ‹‹ዘረመሉ አለ›› ቢልስ?

መጀመሪያ ሁለት ነገር ይታወቅ። ይህ ዶፒንግ አይደለም፣ ማጭበርበርም አይደለም። ልጅቷ የሠራችው ጥፋት የለም፣ ሴት መሆኗንም ማንም አልሻረም። በ1996 አትላንታ ላይ ከተመረመሩት 3,387 ሴቶች ስምንቱ ዘረመሉ ተገኝቶባቸው ነበር። ሰባቱ አካላቸው ለቴስቶስቴሮን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ምላሽ የማይሰጥ ሆነው ተገኙ፣ ስምንቱም ተወዳደሩ። ዛሬም በሕጉ አካሏ ለሆርሞኑ ፈጽሞ ምላሽ የማይሰጥ አትሌት በሴቶች ምድብ መወዳደር ትችላለች። ስለዚህ ‹‹አለ›› የሚለው ውጤት የሕክምና ምርመራ መጀመሪያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ቀጥሎ ሁለተኛ ናሙና፣ ከዚያ የማህፀን ሐኪምና የሆርሞን ስፔሻሊስት። ከውድድር ባሻገር ለጤናዋም ይጠቅማታል፤ አንዳንዱ ዓይነት ዕጢው ውስጥ በመቆየቱ ለካንሰር ሊያጋልጥ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ቀዶ ጥገና ግን የሕጉ ግዴታ አይደለም። ኡጋንዳዊቷ የ800 ሜትር ሯጭ አኔት ኔጌሳ በ2012 ምን እንደሚደረግላት በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣት ቀዶ ጥገና እንደተደረገላትና ከዚያ በኋላ ጤናዋም ሩጫዋም እንደተበላሸ በአደባባይ ተናግራለች። ‹‹ትንሽ ነገር ነው፣ ተቆርጦ ትመለሺያለሽ›› የሚል ሰው ከመጣ ማንም ይሁን ማን አይፈረምለትም።

ውሳኔውን የማትቀበል አትሌት ሎዛን ስዊዘርላንድ ላለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ትችላለች። ጊዜው አጭር ስለሆነ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መጻፍ፣ ፖስታውንም መያዝ ያስፈልጋል።

ውጤቱን የሚያውቁት እሷ፣ ሐኪሟና ፌዴሬሽኑ የመደበው ሰው ብቻ ይሁኑ። አሰልጣኙ ቢያውቅ እንኳ ለረዳቱ አይነግርም። ከቡድኑ በድንገት ስትቀር ‹‹ምን ሆና ነው?›› ለሚል ‹‹አልተሰለፈችም›› ይበቃል። ‹‹ጉዳት ላይ ናት›› ብሎ መዋሸትም አያስፈልግም፤ ነገ ስትሮጥ የታየች ዕለት ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ የወር አበባ አላየችም። ዲኤስዲ ይሆን?

ከሁሉም በፊት ምግቧን እዩ። በቀን ሁለቴ የምትለማመድ ልጅ የምታቃጥለውን ያህል ካልበላች ሰውነቷ ኃይል ለመቆጠብ የወር አበባን ያቆማል። በሯጮች ላይ ይህ ከዲኤስዲ በእጅጉ ይበዛል። ምልክቱ የማይድን የእግር አጥንት ሕመም፣ ቶሎ መድከም፣ በልምምድ ፍጥነቷ እየቀነሰ መሄድ ነው። አንዳንድ አሰልጣኝ የወር አበባ መቅረቱን ‹‹ጥሩ ቅርጽ ላይ ናት›› ብሎ ይወስደዋል። ስህተት ነው፤ አጥንቷ እየሳሳ ነው።

እስከ 15 ዓመቷ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ሦስት ወር ከቀረ ወደ ሐኪም ትሂድ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን የመሰለ ሆስፒታል ከተማችን ውስጥ አለ። ለሐኪሙ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጥ፣ ጠዋት ከልምምድ በኋላ ምን ሰዓት ላይ ምን እንደምትበላ ይነገረው። ይህን ካልሰማ ሌላ ነገር ሲፈልግ ይከርማል። ወደ ሐኪም የሚወስዳት እናቷ ወይም እህቷ ብትሆን ይመረጣል። አሰልጣኙ ስለ ወር አበባዋ በቡድኑ ፊት አይጠይቅም።

ከዳር ቆመው ‹‹ይቺ ወንድ ናት!›› የሚሉትን ምን እናድርግ?

ድምፅ ወፍራም መሆን፣ ደረት መሳሳት፣ የፊት ጸጉር፣ ሰፊ ትከሻ ከሩጫም ከዘርም ይመጣሉ። ከመልክ ተነስቶ ዘረመል የሚያውቅ ሰው የለም። ስፔናዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ በመልኳ ማንም ያልጠረጠራት ሴት ነበረች። በ1985 ኮቤ ላይ ምርመራውን አላለፈችም፣ ወሬው ወደ ጋዜጣ ወጣ፣ ከቡድኗም ከስኮላርሺፗም ተባረረች። አካሏ ለቴስቶስቴሮን ምላሽ የማይሰጥ መሆኑ ታምኖ የመወዳደር መብቷ የተመለሰው በ1988 ነው። ሦስት ዓመት ለሯጭ ምን ማለት እንደሆነ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የውድድር አስተባባሪው ተሳዳቢውን ከትራኩ ዳር ያስወጣው። ተቃራኒ ቡድን ተቃውሞ ካለው በጽሑፍ ለፌዴሬሽኑ ያቅርብ፤ በድምፅ ማጉያ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክ አይደለም። የልጅቷን ቪዲዮ የሚያጋራ የክለብ አባል በክለቡ ደንብ ይጠየቅ።

ምርመራው ትራንስጀንደር ሰዎችን ለማግኘት ከሆነ ለምን የእኛን ልጆች ያስቸግራል?

ይህ ከተቃዋሚዎቹ ነጥብ ሁሉ የሚከብደን ነው። በአደባባይ የሚጮኸው ስለ ትራንስጀንደር ሴቶች ነው፤ በትራክ ላይ በተግባር ሕጉ የደረሰባቸው ግን በብዛት የአፍሪካና የእስያ ልጆች፣ እንደ ሴት ያደጉ፣ ስለ ራሳቸው ያላወቁ ናቸው። ሴሜንያ፣ ኒዮንሳባ፣ ዋምቡይ፣ የናሚቢያዎቹ ክሪስቲን ምቦማ እና ቢያትሪስ ማሲሊንጊ፣ የህንዷ ዱቲ ቻንድ። በአውሮፓ አንዲት ልጅ ስትወለድ ወይም በሕፃንነቷ የሚታወቅ ነገር ጤና ጣቢያ በሌለበት ገጠር ሳይታወቅ ያድጋል፣ የሚታወቀውም ካሜራ ፊት ይሆናል። ፈረንሳይ ያለ ሕክምና ምክንያት የሚደረግ የዘረመል ምርመራን በሕግ ስለምትከለክል አትሌቶቿ ከአገር ውጭ ነው የተመረመሩት። እኛ ጋ ያን ያህል የሚጠብቅ ሥርዓት ስለሌለ ጠባቂው ወላጅ፣ አሰልጣኝና የክለብ ሐኪም ነው። ምድቡ ይጠበቅ የምንለው ይህን ሁሉ እያየን ነው።

እግር ኳስ፣ ብስክሌት፣ ዋናስ?

እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው። የዓለም ራግቢ በ2020፣ የውኃ ስፖርቶች በ2022፣ ብስክሌት በ2023 በወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶችን ከሴቶች ዓለም አቀፍ ውድድር አግደዋል። የውኃ ስፖርቶቹ መስፈርት የወንድ ጉርምስና ከመጀመሪያ ደረጃው ሳያልፍ ወይም 12 ዓመት ሳይሞላ መቆሙን ይጠይቃል። የአትሌቲክሱን ሕግ ይዞ የእግር ኳስ ተጫዋች ምርመራ አምጪ ማለት አይቻልም።

አሰልጣኝ ነኝ። ዛሬ ምን ላዘጋጅ?

ለዓለም አቀፍ ውድድር ለሚታሰቡት ሴቶች ብቻ ለእያንዳንዳቸው አንድ የታሸገ ፖስታ፦ የፓስፖርት ቅጂ፣ የተፈረመ ቅጽ፣ ናሙናው የተሰጠበት ቀንና የኮድ ቁጥር። ውጤቱ እዚያ ውስጥ አይገባም፣ እሱ የአትሌቷ ነው። ምርመራው በሕይወት አንድ ጊዜ ስለሆነ ማረጋገጫው ከጠፋ ክለብ በቀየረች ቁጥር እንደገና ጥያቄ ይነሳል። ዋናው ቤቷ ይቀመጥ። ፖስታዎቹ የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ ይሁኑ፣ ቁልፉን አንድ ሰው ይያዝ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነም አትሌቶቹ ይወቁ።